ስለ ፊት መሸብሸብ መርፌና ስለ ቆዳ አለርጂ፦ የአንባብያን ጥያቄና የሐኪም መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ከጎንደር ከተማና ከአካባቢዋ የደረሱን ናቸው። የሠርግ ወራት ሲቃረብ ስለ ፊት መርፌ፣ ሠርጉ ሲያልፍ ደግሞ ስለ ሽፍታ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚጠቁመውንም ሁሉ አውጥተናል። መልሱን የጻፉት የዓምዱ የቆዳ ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለተከበሩ ሐኪም። የ48 ዓመት ሴት ነኝ፤ በቅዳሜ ገበያ ልብስ እነግዳለሁ። በጥር ወር የመጀመሪያ ልጄን እድራለሁ። ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣች የጎረቤታችን ዘመድ በቅንድቦቼ መካከል ያለውን መስመር በመርፌ እንደምታጠፋልኝ፣ መድኃኒቱንም በቦርሳዋ ይዛ እንደመጣች ነግራኛለች። አራት ሴቶች ሆነን በአንድ ቤት ብንሰባሰብ አንዱን ብልቃጥ ስለምንካፈል ዋጋው ይቀንስልናል ብላለች። ጓደኛዬ ግን ነገሩ መርዝ ነው ብላ አስፈራራችኝ። በዚያ ላይ የዛሬ ሁለት ዓመት ጸጉሬን ጥቁር ቀለም ተቀብቼ ዐይኔ እስኪጠፋ ድረስ ፊቴ አብጦ ነበር። አለርጂ ያለበት ሰው ይህን መርፌ መወጋት ይችላል?

መልስ፦ የተከበሩ እኅቴ፣ ለልጅዎ ጋብቻ እንኳን ደስ አለዎት። ጓደኛዎ መርዝ ነው ማለታቸው ስሕተት የለበትም፤ የቀረው ነገር መርዙ በምን መጠን፣ በየትኛው ቦታና በማን እጅ ሲሰጥ መድኃኒት እንደሚሆን ማወቁ ነው። ንጥረ ነገሩ ቦቱሊነም ቶክሲን ይባላል፤ ቦቶክስና ዲስፖርት የተለያዩ ፋብሪካዎች የሚሸጡባቸው የንግድ ስሞች ናቸው። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ዩስቲኑስ ኬርነር የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም የተበላሸ ቋሊማ በልተው ዐይናቸው የሚከደንባቸው፣ መዋጥ የሚያቅታቸውና በመጨረሻም ትንፋሽ የሚያጥራቸውን ሕሙማን ሁኔታ በዝርዝር መዝግበው አቆዩ። መርዙን የሚያመነጨውን ባክቴሪያ ያገኙት ደግሞ ኤሚል ቫን ኤርመንገም ናቸው፤ እርሱም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1895 በቤልጂየም በአንድ የቀብር ዕለት ከቀረበ የአሳማ ሥጋ የተመረዙ ሰዎችን ሲመረምሩ የተገኘ ነው።

ወደ ሕክምና የገባው ግን ለቁንጅና ተብሎ አልነበረም። አለን ስኮት የተባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የዐይን ሐኪም የተንሸዋረረ ዐይንን ያለ ቀዶ ሕክምና ለማቅናት ለዓመታት ሲሞክሩት ቆይተው፣ በ1989 የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱን ለዚሁ ችግርና ላልተገታ የዐይን ቆብ መጨፈን ፈቀደ። በዚያው ዘመን፣ በ1987፣ በካናዳ ቫንኩቨር ዣን ካሩተርስ የተባሉ የዐይን ሐኪም ለዐይን ቆባቸው የወጓቸው ታካሚ የቅንድባቸው መቋጠር እንደ ለቀቃቸው ሲነግሯቸው፣ ከቆዳ ሐኪሙ ባለቤታቸው ጋር ሆነው ጉዳዩን አጠኑትና በ1992 አሳተሙት። በቅንድቦች መካከል ላለው መስመር በአሜሪካ የተፈቀደው በ2002 ነው። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለታሪኩ ብዬ ብቻ ሳይሆን፣ መርፌው ከመነሻው በዐይን ዙሪያ ያሉትን ትንንሽ ጡንቻዎች አንድ በአንድ ለይተው በሚያውቁ ሐኪሞች እጅ ያደገ መሆኑን እንዲያዩልኝ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ከጫፉ በመልቀቅ ነው። መድኃኒቱ ይህ ኬሚካል እንዳይለቀቅ ያግደዋል፤ ስለዚህ የተወጋው ጡንቻ ትእዛዝ ሳይደርሰው ላልቶ ይቆያል፤ ከበላዩ ያለው ቆዳም መታጠፉን ይተዋል። ለውጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጀምራል፤ ሙሉ ውጤቱ በ2 ሳምንት ገደማ ይታያል፤ ከ3 እስከ 4 ወር ከቆየ በኋላ ነርቩ ሥራውን ስለሚመልስ መስመሩም ይመለሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መስታወት ፊት ቆመው ቅንድብዎን ይቋጥሩ፤ ከዚያ ፊትዎን ያላሉት። ሲቋጥሩ ብቻ የሚታየውን መስመር መርፌው በደንብ ያጠፋዋል፤ ፊትዎ ላልቶም የማይጠፋው፣ በቆዳው ላይ የታተመው መስመር ግን ጥቂት ቢለዝብ እንጂ ተጠራርጎ አይጠፋም። በፀሐይ የሳሳ ቆዳንም፣ የጎደጎደ ጉንጭንም፣ ማድያትንም አይመልስም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የእኛ ጥቁር ቀለም ብዙ ቢጠብቀንም ቀኑን ሙሉ ገበያ ላይ ለሚውል ሰው ሰፊ ጥላ ያለው ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ በየ4 ወሩ ከሚከፈልበት መርፌ ይልቅ ለቆዳው ብዙ ይሠሩለታል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ መርፌውን የፈለገ ሰው መፈለጉን አልነቅፍም።

አሁን ወደ ጎረቤትዎ ዘመድ ልምጣ። የቦርሳው ነገር ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። መድኃኒቱ ፋብሪካው እንደ ላከው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ደረቅ ነገር በንጹሕ የጨው ውኃ ከተበረዘ በኋላ ደግሞ የፋብሪካው መመሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ለአንድ ታካሚ ብቻ እንዲውል ያዝዛል። በአውሮፕላንና በአውቶቡስ በቦርሳ የተጓዘ ብልቃጥ በየት በኩል በበረዶ እንደ ተያዘ ማን ይመሰክራል? አንዱን ብልቃጥ ለአራት ሰው ማካፈልም በርካሽነቱ የሚማርክ ቢመስልም፣ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተሕዋስያን የሚሻገሩበት መንገድ ሊሆን ይችላል። መጠኑም የሚለካው በሚሊ ሊትር ሳይሆን በዩኒት ነው፤ የአንዱ ፋብሪካ ዩኒት ደግሞ ከሌላው ጋር እኩል አይደለም። በቅንድቦች መካከል ላለው መስመር የተለመደው መጠን ቦቶክስ ከሆነ በ5 ነጥብ ተከፋፍሎ 20 ዩኒት፣ ዲስፖርት ከሆነ ግን 50 ዩኒት ነው። አንዱን በሌላው ቁጥር የወጋ ሰው ስንት እጥፍ እንደሚያበዛ ወይም እንደሚያሳንስ ይገምቱ።

እንዲህ ያለው ነገር በሩቅ የሚሰማ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2024 በአሜሪካ በመኖሪያ ቤትና በመዋቢያ ቤት፣ ፈቃድ በሌላቸው ሰዎች እጅ ወይም በሐሰተኛ መድኃኒት ከተወጉት መካከል በ11 ክፍላተ ግዛት 22 ሰዎች መታመማቸውን የጤና ባለሥልጣናት ያሳወቁ ሲሆን፣ ግማሾቹ ሆስፒታል ተኝተዋል። ከመርፌው በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ ቀናት ወይም ሳምንታት አንድ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ሁለቱም የዐይን ቆቦች መውደቅ፣ የድምፅ መጎልደፍ፣ የመዋጥ ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየ ያለ ምንም መዘግየት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

አለርጂን በተመለከተ ለጥያቄዎ ደስ የሚያሰኝ መልስ አለኝ። በጸጉር ቀለም የደረሰብዎት እብጠት ቀለሙን የሚያጠቁረው ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለ ኬሚካል የሚያስከትለው የንክኪ አለርጂ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህ ኬሚካል በመርፌው ውስጥ የለም። ስለዚህ የጸጉር ቀለም አለርጂዎ ብቻውን መርፌውን አይከለክልዎትም፤ ለሐኪሙ መንገርዎ ግን ግድ ነው። ለመርፌው ራሱ የሚያሠጋው ቀድሞ ለዚሁ መድኃኒት ወይም አብሮት ላለ ነገር አለርጂ መኖሩ ነው። ሁለቱም መድኃኒቶች ከሰው ደም የሚዘጋጅ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን አላቸው፤ ዲስፖርት ደግሞ ላክቶስ ስላለበት ጥቂት የላም ወተት ፕሮቲን ሊኖረው ይችላል፤ ለላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው አይወጋውም። እዚህ ላይ በአገራችን በጣም የተለመደ ነገር ላስታውስ፦ ወተት ጠጥቶ ሆድ መነፋትና ማስቀመጥ የወተት ስኳርን መፍጨት አለመቻል ነው፤ አለርጂ አይደለም፤ መርፌውንም አያስከለክልም። ወተት በቀመሰ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ የሚያብጥ፣ ሽፍታ የሚያጥለቀልቀው ወይም ትንፋሹ የሚያጥረው ሰው ነው የሚከለከለው።

ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ በሚወጋው ቦታ ላይ ቁስል ወይም ብጉር ያመረቀዘባቸው፣ እንዲሁም ወደ ማታ ዐይናቸው የሚከደንና ጡንቻቸው የሚዝልባቸው የማያስቴኒያ ሕሙማን መወጋት የለባቸውም። ጄንታማይሲን የተባለውን ፀረ ተሕዋስያን መርፌ በቅርቡ የወሰደ ሰውም ይናገር፤ ይህ መድኃኒት የጡንቻውን መላላት ያባብሰዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከወትሮው በላይ ሊበልዝ ይችላል።

በአጭሩ፣ በተባለው ቤት አይወጉ። መወጋት ከፈለጉ ፈቃድ ባለው የሕክምና ተቋም፣ ብልቃጡ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ በፊትዎ ሲከፈት እያዩ፣ የመድኃኒቱን ስምና የማብቂያ ዘመኑን አንብበው፣ ስንት ዩኒት እንደ ተወጉ በካርድዎ ላይ አስጽፈው ይወጉ። ሐኪሙ ይህን ሁሉ መጠየቅዎ ካስቆጣው ተነሥተው ይውጡ። ቀኑም ከሠርጉ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይሁን፤ ውጤቱ የሚሞላው በ2 ሳምንት ነው፤ የሚስተካከል ነገር ቢኖርም ጊዜ ያገኛል።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ከአዘዞ ነው የምጽፈው። ለሠርጌ እጆቼንና እግሮቼን ጥቁር ሂና ተሠራሁ። ሠርጉ አልፎ በሦስተኛው ቀን ሥዕሉ ባለበት ቦታ ሁሉ ልክ እንደ ሥዕሉ ቅርጽ ቀላ፣ አሳከከኝ፣ ውኃም ቋጠረ። ሠሪዋ ሂና የተፈጥሮ ቅጠል ስለሆነ አያስቆጣም፣ ሰው በዐይኑ በልቶሽ ነው አለችኝ። ከዓመት በፊት ተሠርቼ ምንም ሳልሆን አሁን ለምን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሥዕሉን ተከትሎ መውጣቱና በሦስተኛው ቀን መጀመሩ ምክንያቱን ይናገራሉ። አለርጂ በሁለት ዐይነት ፍጥነት ይመጣል። አንዱ በደቂቃዎች ወይም በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚነሣ፣ እንደ ሳማ የሚለበልብ እብጥ እብጥ ያለ ሽፍታ ነው፤ ምክንያቱ ምግብ፣ መድኃኒት ወይም የንብ ንድፊያ ሊሆን ይችላል። ሌላው ቆዳ ከነካው ነገር የሚመጣው ሲሆን፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ዘግይቶ ነገሩ በነካበት ቦታ ላይ ብቻ የሚቀላ፣ የሚያሳክክና ውኃ የሚቋጥር ነው። የእርስዎ ሁለተኛው ነው። ባለፈው ዓመት ምንም ያልሆኑትም ሰውነት ነገሩን ለይቶ ለማወቅ የመጀመሪያውን ንክኪ ስለሚፈልግ ነው፤ ከለየው በኋላ ግን አይረሳውም፤ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል።

ንጹሕ ሂና ቅጠሉ ብቻ ሲሆን፣ የሚሰጠው ቀለም ወደ ብርቱካንማ የሚያደላ ቀይ ቡኒ ነው፤ ቀለሙ እስኪይዝም ሰዓታት ይፈጃል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድፍን ጥቁር የሚሆነው ከላይ ለሌላዋ እኅታችን የጻፍኩት የጸጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል ስለሚጨመርበት ነው። ኬሚካሉ ለጸጉር በተወሰነ መጠን ቢፈቀድም ቆዳ ላይ እንዲቀባ በአሜሪካም በአውሮፓም አልተፈቀደም። የእናቶቻችን እንሶስላ፣ ከሥሩ የሚወጣው ቀይ ቀለም፣ ይህ ኬሚካል የለበትም፤ ሙሽራ ጥቁር ካልሆነ የማያምርባት የመሰለን ከመቼ ወዲህ እንደ ሆነ እኔም አላውቅ።

ለአሁኑ ቦታውን በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ብዙ ጊዜ ያሳርፉበት፤ የቋጠረውን ውኃ አያፍርጡ፤ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ፈጽሞ አያድርጉበት። ሐኪም ለእጅና ለእግር የሚሆን የስቴሮይድ ቅባት ለጥቂት ቀናት ያዝልዎታል። ከዳነ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ለወራት ሊቆይ ቢችልም አብዛኛውን ጊዜ እየደበዘዘ ይሄዳል። ዋናው ነገር ከእንግዲህ ጥቁር የጸጉር ቀለም እንዳይቀቡ ነው፤ በእጅዎ ላይ የወጣው ነገር በራስዎና በዐይንዎ ላይ ቢወጣ እጅግ የከፋ ይሆናል። ብዙ የቀለም ማሸጊያዎች ከመቀባትዎ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮዎ ጀርባ ጥቂት ቀብተው ይፈትኑ ይላሉ፤ ይህ ምክር ገና ምንም ላልደረሰበት ሰው እንጂ እንደ እርስዎ አንድ ጊዜ ለተቆጣ ሰው አይሆንም። ምክንያቱን በእርግጠኝነት የሚለየው ምርመራ የተጠረጠሩትን ነገሮች በትንንሽ ልጥፎች ጀርባ ላይ ለ48 ሰዓት አሳርፎ፣ ልጥፉ ሲነሣና እንደገና ከቀናት በኋላ ማንበብ ነው፤ ዮዜፍ ያዳሶን ካስተዋወቁት 130 ዓመት ሆኖታል። በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ምርመራ ስላልሆነ የቆዳ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሰውነቴ ላይ እብጥ እያለ የሚያሳክክ ሽፍታ ይወጣብኛል፤ ጠዋት ክንዴ ላይ የነበረው ማታ ጠፍቶ ጭኔ ላይ ይወጣል። አለርጂ ነው ተብዬ በየተራ እንቁላል፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሥጋና ዓሣ ተውኩ። አሁን የምበላው እንጀራና ድንች ብቻ ቢሆንም ሽፍታው አልተወኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንጀራዎን በወጥ ይብሉ። በሰዓታት ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወርና እያንዳንዱ እብጠት በ24 ሰዓት ውስጥ ምልክት ሳይተው የሚጠፋ ሽፍታ ከ6 ሳምንት ካለፈ፣ ምክንያቱ ምግብ የሚሆንበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ምግብ ቢሆን ኖሮ በበሉ በሰዓት ውስጥ መጥቶ፣ ምግቡን ሲተዉ በቀረ ነበር፤ እርስዎም ይህን በራስዎ ላይ በትክክል ፈትነውታል። በአብዛኛው ከሰውነት የራሱ መከላከያ የሚነሣ ነገር ሲሆን፣ በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በራሱ ይተዋል።

ሕክምናው እንቅልፍ የማያበዙት እንደ ሴቲሪዚን ወይም ሎራታዲን ያሉ የአለርጂ ክኒኖች ናቸው፤ ጥቅማቸው የሚገኘው ሲያሳክክ ብቻ በመዋጥ ሳይሆን በየቀኑ በመውሰድ ነው። ካልበቃ ሐኪም መጠኑን ይጨምርልዎታል እንጂ በራስዎ አይጨምሩ። ለራስ ምታት ወይም ለጀርባ ሕመም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚወስዱ ከሆነ ሽፍታውን ሊያባብሱት ስለሚችሉ በፓራሲታሞል ይተኳቸው። የሰገራ ምርመራም በእኛ አገር ቢታይ አይጎዳም። ምላስ ወይም ጉሮሮ ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መፍዘዝ ወይም መውደቅ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሕይወት የሚያድነው በጭን ጡንቻ የሚወጋው አድሬናሊን ነው፤ የአለርጂ ክኒንም ሆነ የሃይድሮኮርቲዞን መርፌ ቦታውን አይተካም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሄጄ ግንባሬንና የቅንድቤን መካከል ተወጋሁ። በሳምንቱ አንዱ የዐይኔ ቆብ ወደቀ። መድኃኒቱን የሚያወጣ ነገር አለ?

መልስ፦ የሚያወጣ ነገር የለም፤ ነገር ግን ያልፋል። ይህ አለርጂ አይደለም፤ ከመድኃኒቱ ጥቂቱ ቆቡን ወደሚያነሣው ጡንቻ ስለ ሰረገ የመጣ መላላት ነው፤ በጥናቶች ከ100 ሰዎች በ3 ያህሉ ላይ ታይቷል። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ዐይን ሐኪም ለጊዜው ቆቡን ጥቂት የሚያነሣ ጠብታ ሊያዝልዎት ይችላል። ቦታውን አያሹት። የወጋዎትን ተቋም የመድኃኒቱን ስም፣ የብልቃጡን ቁጥርና መጠኑን በጽሑፍ ይጠይቁ። ሌላኛውም ቆብ ከወደቀ ወይም መዋጥ ካስቸገረዎት ለመጀመሪያዋ ጠያቂ እንደ ነገርኳቸው ለነገ ሳይሉ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ለማድያት ብዬ ክሎቤታሶል የሚባል ቅባት ለአንድ ዓመት ፊቴን ተቀባሁ። መጀመሪያ ቀላሁ፣ አማረብኝ። አሁን ግን አንድ ቀን ካልተቀባሁ ፊቴ ይቃጠላል፣ ብጉርም ያወጣል። ለቅባቱ አለርጂ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ የለም፤ ፊትዎ ቅባቱን ለምዶ ነው። ክሎቤታሶል ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ በጣም ኃይለኛው ሲሆን፣ ለእጅና ለእግር ወፍራም ችፌ ለጥቂት ሳምንታት የሚሰጥ እንጂ ለፊት የሚሆን አይደለም። ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥርን ያወጣል፣ ጸጉር ያበቅላል፣ ዐይን አጠገብ ለብዙ ጊዜ ከተቀባ ደግሞ የዐይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። በአንድ ጊዜ ሲያቆሙት የሚመጣው መቃጠል ሰዎችን ወደ ቅባቱ ይመልሳቸዋል፤ ዑደቱ የሚቀጥለው በዚህ ነው። የቆዳ ሐኪም ደረጃ በደረጃ ወደ ደካማ ቅባት እያወረደ ያስቆምዎታል፤ ጥቂት ወራት ይፈጃል። ፊት ለማቅላት ተብለው ያለ ስምና ያለ ማሸጊያ የሚሸጡትን ቅልቅል ቅባቶችም ይተዉ፤ አንዳንዶቹ ሜርኩሪ እንዳለባቸው በብዙ አገሮች ተረጋግጧል። ማድያቱ ያለ ፀሐይ መከላከያ አይለቅም። እስኪያገግሙ ድረስ ስለ ማናቸውም የፊት መርፌ አያስቡ።

ጥያቄ፦ ከወገራ ነው የምጽፈው። የ9 ዓመት ልጄ ጉንጩ ላይ የወጣበት ነገር ሰባት ወር ሆነው። አያመውም፣ አያሳክከውም፤ ግን ቀስ እያለ ይሰፋል። አለርጂ ነው ብለው ከፋርማሲ ቅባት ሰጡን፤ አልተሻለውም። ጎረቤት ፌጦ በሎሚ ለውሰን እንድንለጥፍበት መከረችን፤ ለጥፈን ዙሪያው ተቃጥሎ ቆዳው ተላጠ።

መልስ፦ እናት ሆይ፣ በመጀመሪያ ቃጠሎው። ፌጦ ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ዘይት ቆዳን እንደ እሳት ሊልጥ ይችላል፤ ሎሚ የነካው ቆዳ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ይቆስላል። ይህ አለርጂ አይደለም፤ ማንኛውም ሰው ላይ ሊደርስ የሚችል ቃጠሎ ነው። በንጹሕ ውኃ ያጥቡት፤ ቫዝሊን ይቀቡት፤ ቅቤ አያድርጉበት፤ እስኪድን ፀሐይ አያግኘው።

ጉንጩ ላይ ያለው ግን የበለጠ ያሳስበኛል። አለርጂ ያሳክካል፤ የነካው ነገር ሲቀርም በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ሰባት ወር የቆየ፣ የማያምና የማያሳክክ፣ ፊት ላይ እየሰፋ የሚሄድ እብጠት ደጋ ላይ በሚኖር ልጅ ሲታይ በመጀመሪያ የሚታሰበው ቁንጭር ነው። የሚያስከትለው ሊሽማኒያ የተባለ ጥገኛ ተሕዋሲ ሲሆን፣ ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው በጣም ትንሽ የሆነች የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ገደልና ዋሻ አጠገብ ባሉ መንደሮች የሚበዛውም ስለዚሁ ነው። ከሰው ወደ ሰው በመነካካት አይተላለፍም፤ ልጁን ከወንድሞቹና ከትምህርት ቤት አይለዩት። የስቴሮይድ ቅባት አያድነውም፤ መልኩን ለውጦ መለየቱን ሊያስቸግር ስለሚችል ያቁሙት። ካልታከመ በራሱ ቢድን እንኳ ለመዳን ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ፣ ፊት ላይም የማይጠፋ ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ምርመራው ቀላል ነው፦ ከእብጠቱ ጠርዝ ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሊሽማኒያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ስላለ ከጤና ጣቢያችሁ የሪፈር ወረቀት አጽፈው ወደዚያ ይውሰዱት። ሐኪሙ እግረ መንገዱን እብጠቱ ላይ የልጁ ቆዳ ንክኪ ይሰማው እንደሆነ በጥጥ ይፈትነው፤ የደነዘዘ ከሆነ የሥጋ ደዌ ምርመራም ይጨመርለታል፤ እርሱም በጊዜ ከተደረሰበት በክኒን የሚድን በሽታ ነው። ጸበል የሚወስዱት ከሆነ ይውሰዱት፤ ሆስፒታሉን ግን በዚያው ሳምንት ያድርጉት፤ ከፋርማሲ የተሰጣችሁን ቅባትም ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ምን እንደ ተቀባ ማወቅ ይፈልጋል።